ኳሷ ምን ላይ ቆመች

ሰዓሊዋ ወንድሟን ከቀበረች ሦስት ሳምንት አልፏት አንድም ሰሌዳ ሠርታ አላስረከበችም። የስፖርት ዕቃ ሻጩ በየሁለት ቀኑ እየመጣ የሱቋ ደፍ ላይ ይቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት «ያጽናሽ» ብሎ ከቆመበት ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት «ያጽናሽ» ካለ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ቆርቆሮ አየት አደረገ። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ቆርቆሮውን አይቶ ነው «ያጽናሽ» ያለው። ፊደሎቹ አልቀዋል፤ የቀረችው ኳሷ ናት፤ በእርሳስ የተከበበች ባዶ ክብ።

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው» አላት በመጨረሻ። «ግን ያለ ሰሌዳ ሱቄን ሰው መጋዘን ይመስለዋል። ትናንት አንዲት ሴትዮ ገብታ ሽንኩርት አለ ወይ አለችኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ነገ ና አለችው። ነገ ና ማለት ከጀመረች ሰንብታለች።

እጇን የያዘው ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ በተረዳላት። የያዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ከቆርቆሮው አጠገብ አንድ የቆየ ኮምፖንሳቶ አለ፤ ቀለም የምትሞክርበት። ያ ኮምፖንሳቶ አሁን በኳስ ተሞልቷል። ትንሽ ኳስ፣ ትልቅ ኳስ፣ ከጎናቸው አንዳንድ ነጥብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቁጥርና ፊደል፣ የተሰረዘ፣ እንደገና የተጻፈ፣ እንደገና የተሰረዘ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ወንድሟ እንዲማር ብሩሽ ያነሳች ሴት፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ ፊዚክስ እየተማረች ነበር። አስተማሪዋ ደግሞ ሞቷል።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ወረቀት ነው። ወንድሟ የፊዚክስ መምህር ነበር። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት ሕመሙ እጁን ያንቀጠቅጠው ስለነበር ለትምህርቱ የሚያስፈልጉትን ሥዕሎች ሁሉ የምትሥልለት እሷ ነበረች፤ መዘውሩን፣ ሌንሱን፣ ባትሪውን። ደብተሩ ላይ ሥዕል በሚገባበት ቦታ «ሥዕል፦ እትዬ» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። እትዬ የሚላት እሱ ብቻ አልነበረም፤ ተማሪዎቹም ተቀብለውት እትዬ ይሏት ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አልቆ ብዙም ሳይቆይ ግን ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ባለው የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ እንዲህ የሚል ወረቀት ተሰቀለ፦

«በጥያቄ ቁጥር 17 በመምህሩ ስህተት ምክንያት የተሰጠው መልስ (ሐ) ተሰርዞ (ሀ) ዜሮ ተብሎ ታርሟል።»

ስሙ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። የዚያ ክፍል የፊዚክስ መምህር አንድ ነው። ተማሪ ደግሞ አፉ ሥራ አይፈታም፤ በሦስተኛው ቀን «መምህር ዜሮ» የሚል ስም ወጣለት። ወንድሟ ይህን ሰምቶ ፈገግ አለ አሉ። እሷ ግን ፈገግታውን አላየችም፤ ያየችው በዚያው ወር አልጋ ላይ ወድቆ ሳይነሳ መቅረቱን ነው። ከቀብሩ ስትመለስ በትምህርት ቤቱ በር አለፈች። ወረቀቱ እንደተሰቀለ ነው። ሰውየው አፈር ገብቶ ስህተቱ መስታወት ውስጥ ቆሟል።

ያን ቀን ለራሷ ማለች። ይህች ወረቀት ትወርዳለች።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ተማሪዎች ቀይ እስክሪብቶ ይሉታል። ከደረት ኪሱ የማይለየው እሱ ነዋ፤ ሰላምታ ሲጽፉለት እንኳ ያርማል ይባላል። ሰዓሊዋ ቢሮው ስትገባ ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሰጣት፤ የሐዘን ቃል ተናገረ፤ ከዚያ ስለ ወረቀቱ ስትጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወንድሟ እንደማይሳሳት ነገረችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምር አንድ ቀን መልስ ተሳስቶ እንደማያውቅ ነገረችው። የጥያቄው ቃል በእጁ የተጻፈበትን ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት፦ ምንም ቻርጅ ያልተሰጣት የብረት ኳስ አለች፤ ከመሐሏ በተወሰነ ርቀት ላይ አንድ ነጥብ ቻርጅ ተቀምጧል፤ የኳሷ ፖቴንሻል ስንት ነው? ከሥሩ መልሱ ሐ፤ ሐ ደግሞ በእጁ ሁለት ጊዜ ተከቦ። ቀይ እስክሪብቶ ደብተሩን አንብቦ በቀስታ ዘጋው።

«መልሱ ዜሮ ነው፣ እመቤት» አላት። «እሱም ያውቃል። እርማቱ ላይ የፈረመው ራሱ ነው።»

«አስገድዳችሁት ነዋ።»

«ማንም አላስገደደውም።»

በሚቀጥለው ሳምንት አርብ የፈተና ወረቀቶቹ ሁሉ ተጠርዘው መዝገብ ቤት እንደሚገቡ፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንደማይከፍታቸው ብቻ ነግሯት እስከ በር ሸኛት። አርብ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። መንገድ ላይ እየሄደች ብቻዋን አወራች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰው ሞኝም ወረቀትም ሆነባት። በባዶ እጇ፣ በእህትነቷ ብቻ ሄዳ ተመልሳለች። ሁለተኛ ስትሄድ ግን ስሌቱን ይዛ ትሄዳለች።

ስሌቱን መያዝ ቀላል አልሆነም። በየማለዳው ሱቋን ከፍታ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የወንድሟን ደብተሮች ትዘረጋለች። አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ መመለስ አለባት፤ እነዚያን ሦስቱን ለማንበብ ደግሞ ሌላ ደብተር። ሲከፋት ደብተሩን ወርውራ ታነሳዋለች፤ አንስታ አቧራውን ትጠርግለታለች። ብዙ ጊዜ ከገጹ ዳር ላይ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸውን ምሳሌ ጽፎት ታገኛለች፤ ያኔ ድምፁ ይሰማታል። «ፖቴንሻል ማለት ከፍታ በሉት። ውኃ ከፍታ ካለው ይፈስሳል፤ ቻርጅም እንደዚያው።» ሌላ ቦታ ላይ፦ «ብረት ውስጥ ከፍታና ዝቅታ የለም። ቢኖር ኖሮ ቻርጁ እየፈሰሰ ያስተካክለው ነበር። እንደረጋ ኩሬ ነው፤ አንዱ ጋ የለካኸው ሁሉም ጋ ያው ነው።»

ይኼ ገባት። ያልገባት ኳሷ ራሷ ናት። ምንም ካልተሰጣት፣ ባዶ ከሆነች፣ ለምን ዜሮ አትሆንም? ለአራት ቀን ያህል ቀይ እስክሪብቶ ልክ ነው ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ያ ሐሳብ ከሐዘኑ በላይ አቃጠላት።

የፈታላት ሙያዋ ነው። ሰዓሊ ትልቅ ክብ የሚሥለው በሚስማርና በክር ነው፤ ሚስማሩን መሐል መትቶ፣ ክሩን አስሮ፣ እርሳሱን ከክሩ ጫፍ ይዞ መዞር ነው። አንድ ማለዳ ኮምፖንሳቶው ላይ እንደዚያ ስትዞር እጇ ቆመ። ክሩ የትም ቦታ ላይ እኩል ነው። ነጥቡ ቻርጅ ከውጭ ሆኖ የኳሷን ውስጥ ቢያተራምስ፣ ግማሹን ወደ ራሱ ቢስብ፣ ግማሹን ወደዚያ ቢገፋ፣ የተሳበውም የተገፋውም ያለው ቆዳዋ ላይ ነው። ቆዳዋ ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ ከሚስማሩ እኩል ይርቃል፤ አንድ ክር ነው። ቀናሹና ደማሪው እኩል ከሆኑ፣ ርቀታቸውም እኩል ከሆነ፣ ሚስማሩ ዘንድ ሲደርሱ ይጠፋፋሉ። ሚስማሩ ላይ የሚቀረው የውጭው የነጥቡ ሥራ ብቻ ነው፤ ቻርጁ ከመሐሏ ላለው ርቀት ተካፍሎ፣ በዚያ በማይለወጠው ቁጥር ተባዝቶ። ብረት ደግሞ የረጋ ኩሬ ነው፤ መሐሏ ላይ የሆነው ሁሉም ቦታዋ ላይ ያው ነው።

ሐ። ወንድሟ ሁለት ጊዜ የከበበው ሐ።

ክሩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ቀጥሎም ተናደደች፤ ይህን የምትነግረው ሰው የለምና። አንዴ ከእራት በኋላ ምን እንደሚያስተምር ልትጠይቀው ነበር፤ ደክሞታል ብላ ተወችው። ሁልጊዜ ደክሞታል ብላ ትተወው ነበር።

ስሌቱን በሁለት ንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፣ ፊደሉን እንደ ሰሌዳ አሳምራ፣ ማክሰኞ ዕለት ቀይ እስክሪብቶ ፊት አስቀመጠች። ሰውየው መነጽሩን አደረገ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ መልሶ አነበበ። ከዚያ ከኪሱ ቀዩን አወጣ። ወደ ነጥቡ በቀረበው የኳሷ ጎን ላይ የደማሪ ምልክት አድርጋ ነበር፤ እሱን ቀናሽ አደረገው፤ በሌላው ጎን ያለውን ደማሪ አደረገው።

«የቀረበው ጎን ተቃራኒውን ነው የሚስበው» አላት። «ከዚህ በቀር ምንም እንከን የለበትም። ማን አስተማረዎት?»

«እሱ።»

ሰውየው ቀዩን ወደ ኪሱ መለሰ። ልቧ ከፍ አለ፤ ወረቀቷ ወርዳ ታየቻት።

«ትክክል ነው» አለ። «ግን መልሱ ዜሮ ነው።»

በዚህ ምድር ላይ ሰው ሰውን የሚያበግንበት መንገድ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን ግን አይታ አታውቅም። ትክክል ነው፤ ግን አይደለም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ቢንቃት ይሻል እንደነበር፣ ቢያባርራት ይሻል እንደነበር ነገረችው። ደመወዙን የሚበላው ለዚህ ከሆነ እህሉ ይታነቅበት አለችው፤ ይህን ስትል የራሷ ጆሮ ደነገጠ፤ ታላላቆቿን ተሳድባ አታውቅም። እሱ አልተቆጣም። ያ ደግሞ ባሰባት። መሳቢያውን ከፍቶ ከፈተናው አንድ ቅጂ አወጣና ሰጣት።

«ይህን ይዘው ይሂዱ» አላት። «አሥራ ሰባተኛውን ይመልከቱት። እኔ ልናገር የምችለው ይህን ያህል ነው።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቆማ ተመለከተችው። ምን አዲስ ነገር አለው? ቃሉ የወንድሟ ቃል ነው። ሥዕሉ የራሷ ሥዕል ነው። እንዲያውም ከቅጂዎቹ ሁሉ ደህና የወጣው ይኼ መሆን አለበት፤ ኳሷ ልቅም ብላ ክብ፣ ነጥቡ ጥቁር፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። በዚያ ሁሉ ብስጭት መሐል ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማት። ያን ቀን ወንድሟ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር፤ ከአልጋው ሆኖ «ክብ አድርጊ፣ ጎኗ ላይ ነጥብ፣ በቃ» አላት። ሣለች፤ አሽጋ ራሷ ወስዳ ለማባዣ ክፍሉ ሰጠች። እሱ ለማየት እንኳ አልተነሳም።

ከስፖርት ዕቃው ሱቅ ማዶ ሬዲዮና ማንቆርቆሪያ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ከተባለ በዚያ መንገድ ላይ ያለው እሱ ነው። ሰዓሊዋ ወደ እሱ የሄደችው ምክር ፍለጋ አልነበረም፤ የሚያምናት አንድ ሰው ፍለጋ ነው። አርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ጋሽ ሽቦ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ብየዳውን ይነፋል። ነገሩን ሁሉ ተረከችለት፤ ኳሷን፣ ነጥቡን፣ ክሩን፣ ቀይ እስክሪብቶን። እሱ ደግሞ ሲሰማ «እህ» ይላል፣ ሲበይድ ዝም ይላል።

«አንቺ ልጅ» አለ ስታበቃ፤ «እኔ ፖቴንሻል የምትይውን አላውቅም። እኔ የማውቀው ነክቶኝ ሲጥለኝ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ጥያቄውን ብቻ እይልኝ። እብድ አይደለሽም በለኝ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው። ቃሉን አላነበበም፤ ሥዕሉን ነው ያየው። አንዴ ብቻ ነው ያየው።

«ከመሬት ጋር ታስራለች አይደል እንዴ» አለ። «ዜሮ ናታ።»

«ምኗ?»

«ኳሷ። ኧርዝ ናት። ይኸው።»

ጥቁር ጥፍሩን ከኳሷ ሥር አሳረፈ። እዚያ አንዲት ቀጭን እግር አለች፤ ከእግሯ ሥር ሦስት አግድም መስመር፤ አንዱ ረጅም፣ ሁለተኛው አጠር ያለ፣ ሦስተኛው በጣም አጭር።

«እሱ ጥላ ነው» አለችው ሰዓሊዋ። «የኳሷ ጥላ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጋሽ ሽቦ አልተከራከረም። ከመደርደሪያው ሥር በቅባት የወየበ ትልቅ ወረቀት ጎትቶ የሬዲዮውን የሽቦ ካርታ ዘረጋላት። መስመር በመስመር ላይ የተጠላለፈ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ መሐል ግን እዚህም እዚያም፣ አሥር ቦታ፣ አሥራ አምስት ቦታ፣ የራሷ እጅ ተቀምጧል፦ ቀጭን እግር፣ ረጅም መስመር፣ አጠር ያለ፣ በጣም አጭር።

«ይህን ያየ ሰው ሁሉ በዓለም ላይ አንድ ነገር ነው የሚያነበው» አላት። «ሽቦው መሬት ገብቷል ማለት ነው። መሬት የገባ ነገር የራሱ ከፍታ የለውም፤ የመሬትን ይዞ ይቀመጣል። ዜሮ።» ከዚያ ፊቷን አየና ብየዳውን አስቀመጠ። «ምነው ልጄ?»

ሰዓሊዋ የምታስበው ብሩሽ ያስተማራትን ሽማግሌ ነበር። ጫማ ብትሥይ፣ ማንቆርቆሪያ ብትሥይ፣ ከሥሩ ሦስት የጥላ መስመር ጣይበት፤ መሬት የሌለውን ዕቃ ደንበኛ አያምነውም ይላት ነበር። ክብ ነገር ሲሆን ደግሞ እንዳይንከባለል አንዲት ቀጭን እግር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለዚያች እግርና ያለነዚያ መስመሮች አንድ ኳስ፣ አንድ ብርቱካን፣ አንድ አምፖል ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሰው የእሷን ሰሌዳ ከሌላው የሚለየው በእነሱ ነው። ወንድሟ በቃ ብሏት ነበር። ክብ፣ ነጥብ፣ በቃ። እሷ ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለች ኳስ ስታይ ያልተጨረሰ ሥራ መሰላት፤ ለወንድሟ ያልተጨረሰ ሥራ አትሰጥም፤ ጨረሰችለት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ትሰማ ነበር። አይጧ እሷ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ቀይ እስክሪብቶ ቢሮውን ሲከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኛት። እንዳወቀች ከፊቷ ገባው መሰለኝ፤ ወንበር እንኳ አላቀረበም። ሁለቱም እንደቆሙ ቀሩ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችው።

«አስምሎኝ ነው። እትዬ ይህን ካወቀች ዳግመኛ ብሩሽ አታነሳም አለኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ከተማሪዎቹ ግማሹ ቃሉን አንብበው ሐ አሉ፤ ግማሹ ሥዕሉን አይተው ዜሮ አሉ። የዜሮዎቹ ወላጆች መጡ። ቀይ እስክሪብቶ መምህሩን ጠርቶ ሥዕሉን ሲያሳየው፣ ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየውና ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀይ እስክሪብቶ ሁለቱንም መልስ እንቀበል ብሎት ነበር። እንዲያ ከተደረገ ግን ሥዕሉን ማን እንደሣለው በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለበት፤ ፈተና ደግሞ ከመሰጠቱ በፊት ከመምህሩ በቀር ለማንም አይታይም፤ ለውጭ ሰው ከታየ ይሰረዛል፤ ልጆቹ ሁሉ እንደገና ይቀመጣሉ። መምህሩ ይህን ሰምቶ እስክሪብቶ ጠየቀ። ሥዕሉ የእኔ ነው፣ መልሱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ ፈረመ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማው ሁለት መስመር ፈጀ።

«በዚያ እጅ!» አለች ሰዓሊዋ። «በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ያንን ክብ ሣልኩ ሲላችሁ አመናችሁት?»

«ማንም አላመነውም» አለ ቀይ እስክሪብቶ።

እንግዲህ ይጻፍ አለችው። እሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ እኔ ልፈርም። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ዛሬም ቢጻፍ ያው ነው፤ ፈተናው ይሰረዛል፤ ከእነዚያ ልጆች ውስጥ በውጤታቸው ሌላ ከተማ የገቡ፣ ሥራ የጀመሩ አሉ። መምህሩ ያን ሁሉ የተሸከመው ይህ እንዳይሆን ነው። ሰዓሊዋ ተከራከረች። አንድ በር ሞከረች፤ ተዘጋ። ሌላ ሞከረች፤ እሱም ተዘጋ። የሚያናድደው እያንዳንዱን በር የዘጋው ቀይ እስክሪብቶ አለመሆኑ ነው። የዘጋው ወንድሟ ነው፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ ፈተና እንደሚያዘጋጅ ሰው። ትምህርቷን የተወችለት ልጅ ዕዳውን መክፈሉ ነው? ማን ክፈል አለው? ቁጭ ብሎ «እትዬ፣ ጥላሽ አበላሸኝ» ቢላት ምን ነበር? ትቆጣ፣ ታለቅስ፣ ከዚያ አብረው ይስቁ ነበር። እሱ ብቻውን ስቆት ሄደ።

በመጨረሻ የጠየቀችው ሦስት ቃል ነው። «በመምህሩ ስህተት ምክንያት» የሚለውን። እነሱ ቢወጡ ዓረፍተ ነገሩ አይጎድልም፤ መልሱ ዜሮ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ማንም ልጅ አይነካም።

ቀይ እስክሪብቶ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሦስት ቃል ሲሰረዝለት ዓረፍተ ነገር እንደሚሻሻል ያየ አራሚ የሚሰማው ነገር ፊቱ ላይ መጣ።

«መዝገብ ቤት በሚገባው ላይ ግን ይቀራል» አላት። «እሱን ልነካው አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

የመስታወቱን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው። እሱ ክፍል አለኝ ብሎ ወጣ። ትምህርት ከተዘጋ ከወር በላይ ሆኖታል።

ከሱቋ ትንሿን ብሩሽና ነጭ ቀለም አምጥታ መስታወቱን ከፈተች። ቃላቱን አንድ በአንድ ሸፈነቻቸው፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር እንዲመሳሰል ጥቂት ቢጫ ጨምራበታለች። «በመምህሩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብሩሹን አንስታ ቆየች። ወንድሟን ልታስመሰግን ነበር የመጣችው፤ ልታጠፋው ሆነ። ሸፈነችው። ዘበኛው ከኋላዋ መጥቶ አንገቱን አስግጎ አየ።

«እትዬ፣ እዚህ ክፍት ቦታ ላይ ምን ሊጻፍበት ነው?»

«ምንም» አለችው።

«እንዲያው ባዶ?»

«እንዲያው ባዶ።»

ቁልፉን ለእሱ ሰጥታ ወጣች። ማንን እንደምትቆጣ እንኳ አታውቅም፤ ያገኘችውን ሁሉ ተቆጣች። ጠጠር መታች። የተዘጋ ሱቅ አይታ ተቆጣች።

ከሰዓት በኋላ የስፖርት ዕቃ ሻጩ እንደለመደው ደፉ ላይ ሲደርስ ሰዓሊዋ ቆርቆሮው ፊት ተንበርክካ አገኛት። ደስታው በዛ፤ እንዳይረብሻት ትንፋሹን ዋጠ። ኳሷ ነጭና ጥቁር ሆና፣ ስፌቷ ሳይቀር ወጥታ፣ በላይዋ የብርሃን ነጥብ አርፎባታል። ሰዓሊዋ ወደ ታች ወረደች። ብሩሹ ከኳሷ ሥር ደረሰ፤ እዚያ ቆመ፤ ጥቁር ቀለም ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ በጨርቅ ጠረገችው።

ሰውየው ጠበቀ። ብሩሹ አልተመለሰም።

«አላለቀችም እኮ» አለ። «ያቺ እግሯስ? ሦስቱ መስመርስ?»

«አልቃለች።»

«እህቴ፣ አየር ላይ ናት። ምን ላይ ቆመች?»

«ምንም ላይ።»

«ትወድቃለቻ።»

ሰዓሊዋ ጀርባዋን ለእሱ እንደሰጠች ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነከረችው።

«አትወድቅም» አለችው።